የውብነሽ እልልታ

ሎስ አንጀለስ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ውብነሽን በስሟ የሚጠራት ጥቂት ሰው ነው። ብዙው «ቀፈፈኝ» ነው የሚላት፣ ያውም ከኋላዋ። ምግብ ቤት ስትገባ የራሷን ብርጭቆ ከቦርሳዋ ታወጣለች። ወንበር ሳትጠርግ አትቀመጥም። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው እናት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው ፊቷ ቢቆሙ፣ «እትዬ፣ ቅድም በዚሁ እጅዎ አፍንጫዎን ሲነካኩ አይቻለሁ» ብላ አፏን ዘጋች። ሙሽሮቹ ከተፋቱ ቆይተዋል፤ ያቺ ጉርሻ ግን እስካሁን ትወራለች።

ሰው እንደሚያወራው ግን ሁሉም ነገር አይቀፋትም። ሥራዋ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወርዱትን መቀሶችና መቆንጠጫዎች አጥባ በእንፋሎት ታበስላለች። ደምና መግል ስታይ ትውላለች፣ ፊቷ ቅጭም አይልም። «ደም ምን አደረገኝ? እኔን የሚቀፈኝ ሰው ወዶ የሚያመጣው ቆሻሻ ነው» ትላለች። ባሏ ንጋቱ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስ የትራክ ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ይህ ሁሉ ስብከት የሚወርደው በአንድ ልጇ በፍሬአብ ላይ ነበር። ትንሽ ሳለ መሬት የወደቀ ብስኩት ሲያነሳ «ቀፈፈኝ በል!» ትለዋለች። እሱ ይስቅና ብስኩቱን ይበላዋል። ቀፈፈኝ የሚል ቃል ካፉ ወጥቶ አያውቅም።

ይህ ልጅ ነው እንግዲህ ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተለይቶ የበረዶ ሆኪ ካልተጫወትኩ ያለው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሰው በታኅሣሥ በቁምጣ በሚሄድበት ከተማ፣ በረዶ! የክፍል ጓደኛው ልደት ላይ ስለት ያለውን ጫማ አጥልቆ ሞከረ፣ ወደደው፣ አለቀ። ውብነሽ እንደ ሰው ልጅ ኳስ ቢጫወት ምን ነበረበት ብላ ትንሽ አጉረመረመች። ከበረዶው ሲወጣ ጉንጩ ቀልቶ ሲስቅ ስታየው ግን ተወችው።

መጀመሪያ የመጣባት ሽታው ነው። ፍሬአብን ራሱን የሚያክል ጥቁር ቦርሳ አለ። ውስጡ የትከሻ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ፣ ጓንት፣ የራስ ቁር ታጭቋል። ሁሉም በላብ ይርሳል፣ ሳይደርቅ ይታሸጋል፣ ሳይታጠብ ደግሞ ይለበሳል። ቦርሳው ሲከፈት ታጥቦ ያላደረ ቡሃቃ ፀሐይ ላይ ተከድኖ እንደሰነበተ ያለ ግማት ይወጣል። ፓልምስ ያለው አፓርታማቸው ጠባብ ነውና ወደ በረንዳ አባረረችው። ከላይ ያለችው ጎረቤት የሞተ ነገር አለ ብላ ለአከራዩ ደወለች። አንድ ቅዳሜ ውብነሽ ሁሉንም አውጥታ ልታጥብ ስትል ፍሬአብ እንደታረደ ሰው ጮኸ። አሠልጣኙ ኮች ዳግ ከልክሏል ለካ። ቡድኑ እያሸነፈ እስካለ ድረስ ምንም ነገር አይታጠብም፣ ዕድሉ አብሮ ይታጠባልና። ስላሸነፉ አይታጠቡም! ውብነሽ ይህን ሕግ ያወጣው ሰው እናት አልነበረውም ወይ ብላ ጠየቀች።

ሌላውም ሌላው ነው። ልጆቹ አንዲት የውሃ ጠርሙስ ለሁሉም አፍ ያዞራሉ። የሚቀመጡበት ሥር ምራቃቸውን እንትፍ ይላሉ፣ አሠልጣኙም አብሮ ይተፋል። ወላጆቹ ደግሞ ብጫ ቀለም የመሰለ ቀልጦ የሚንጠባጠብ ቺዝ በእጃቸው እየዛቁ ይበላሉ፣ በዚያው እጅ ትከሻዋን ይደባብሷታል። ለልጄ ስል አለች ውብነሽ፣ ሁሉን ዋጠችው።

የዚያ ዓመት ልጆቹ በትከሻ መጋጨት የሚፈቀድበት ዕድሜ ላይ ደረሱ። ፍሬአብ ደግሞ በአንድ ክረምት ተመዞ ከጓደኞቹ በራስ በለጠ። ኮች ዳግ ይህን ቁመት ሲያይ ጎል አግባ ማለቱን ትቶ ሰው ጣል ማለት ጀመረ። ስሙንም ቀየረለት። «ትራክ» አለው። ልጁ ገና ብብቱ ፀጉር አላበቀለም፣ ትራክ!

መጀመሪያ የጣለው ልጅ ማን እንደነበረ ውብነሽ አታውቅም። ጨዋታው ራሱ ገና አልገባትም ነበር። በዱላ የሚመቷት ጥቁር ጎማ ፈጣን ናት፣ ዓይኗ አይከተላትም። ድንገት ሰው ሁሉ ብድግ አለ፣ የላም ቃጭል የያዙት ቃጭላቸውን አንቀጨቀጩ፣ ኬሊ የምትባለው የቡድኑ እናቶች አለቃ «ዌቢ፣ ያንቺ ልጅ ነው!» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ውብነሽ ልጇ ጎል ያገባ መሰላት። ነጠላ አልያዘችም እንጂ ይዛ ቢሆን ኖሮ ታውለበልበው ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ታቦት ሲወጣ፣ ሙሽራ ሲገባ የምታቀልጠውን።

አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምተው አያውቁማ። ኬሊ ጨዋታውን በስልኳ እየቀረጸች ነበርና እልልታውን ቆርጣ አወጣችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትንሽ ስፒከር ይዛ መጣች፣ ትራክ ሰው በጣለ ቁጥር ቁልፉን ትጫናለች፣ የውብነሽ እልልታ ከጣሪያ እስከ ወለል ያስተጋባል። ውብነሽ ጎል እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገብቷታል። ግን ደስ አላት፣ ይህን መደበቅ አይቻልም። ማንም በስሟ የማይጠራት ሴት አሁን ገና በሩ ላይ ስትደርስ «ዌቢ! ዌቢ!» ይሏታል። ስትቀመጥ ቦታ ይለቁላታል። ወንበሩን መጥረግ ሁሉ የረሳችባቸው ቀናት ነበሩ።

ክረምቱን እንዲህ እያሸነፉ፣ እየከረፉ፣ እልል እየተባለላቸው ገፉ። ከዚያ ከሎንግ ቢች የመጣ ቡድን ገጠማቸው።

ኮልተን የሚባል ቀጫጫ ልጅ ጥጉ ላይ አጎንብሶ ጎማዋን ሊያወጣ ይታገል ነበር። ጀርባውን ሰጥቷል። ኮች ዳግ የሜዳውን የእንጨት አጥር በቡጢ እየደበደበ «ትራክ! ጨርሰው!» ሲል ውብነሽ ሰማች። ፍሬአብ ከሜዳው ማዶ ተንደርድሮ መጣ። የልጁ ጭንቅላት ከግድግዳው ጋር ሲላተም የሰማችውን ድምፅ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። ኮልተን ወደቀ፣ አልተነሳም። አንድ እግሩ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ስፒከሩ እልል አለ።

የራሷ ድምፅ ነው። በወደቀ ሕፃን ላይ እልል እያለች ነው። ኬሊ ወይ ማጥፊያውን አላገኘችውም፣ ወይ አልፈለገችውም፣ እልልታው እስኪያልቅ ሄደ። ቃጭሉም አጀበው። ፍሬአብ በረዶው ላይ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀና ብሎ እናቱን ፈለጋት። ሲያገኛት ፈገግ አለላት።

አምቡላንስ መጥቶ ልጁን ወሰደ። ዳኛው ጥፋት የለም አለ፣ «ክሊን ሂት» ነው፣ ንጹሕ። ወላጆቹም እርስ በርሳቸው «ክሊን፣ ክሊን» ተባባሉ። ንጹሕ! ውብነሽ ስለ ንጽሕና ብዙ ታውቃለች፣ ዕድሜዋን የፈጀችው በእሱ ነው፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ግን አይታ አታውቅም። ኬሊን እጇን ይዛ ያንን ድምፅ አጥፊው አለቻት። ኬሊ ሳቀች። «ዌቢ፣ ይሄ እኮ የቲማችን ጉድ ላክ ነው» አለቻት።

ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ስትደርስ ደግሞ ኮች ዳግ መኪና የሚጎተትበት ወፍራም ሰንሰለት በወርቅ ቀለም ቀብቶ ፍሬአብ አንገት ላይ ሲያጠልቅ አየች። የቀኑ ጀግና ሽልማት ነው። ልጆቹ ይጨፍራሉ። ውብነሽ ባደገችበት አገር ደም ያፈሰሰ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ተበዳዩ ደጅ የሚቆመው። ይሄኛው ይሸለማል። ያውም ሰንሰለት፣ ያውም ጥቁር ልጅ አንገት ላይ፣ አንዱም ነጭ ወላጅ ምንም አልታየውም።

መኪና ውስጥ ፍሬአብ ሰንሰለቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ስልኩን ይነካካል።

«ልጁ እንዴት ሆነ?» አለችው።

«አይ ዶንት ኖው። ክሊን ሂት እኮ ነው ማሚ።»

«ጀርባውን ሰጥቶህ ነበር።»

«ሶ? ቀና ማለት ነበረበት። ኮች ነው ያለው።»

«ትንሽ እንኳን አልቀፈፈህም?»

«ማሚ ፕሊስ። ኢትስ ሆኪ።»

ያን ዕለት አልተኛችም። ፍሬአብ ሆኪ ቢጫወት ባይጫወት ግድ የላትም። ልጇ ምንም የማይቀፈው ሰው ሆኖ ሊያድግ ነው፣ ያስጨነቃት ይህ ነው። የማይቀፈው ሰው ደግሞ ምን እንደማያደርግ አይታወቅም። ከሁሉ የባሰው፣ ፈገግ ያለው ለእሷ መሆኑ ነው። እልልታዋን ሰምቶ ደስ ያላት መስሎታል።

በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ እትዬ ማሚቱ ሱቅ ሄደች። እትዬ ማሚቱ በርበሬና የሐበሻ ልብስ ይሸጣሉ። ከመደርደሪያው ሥር ባለችው ዱካ ላይ ደግሞ ጡረታ የወጡት የታክሲ ሾፌር ጋሼ ዘርዓብሩክ ሁልጊዜ አይጠፉም። በዚህ ሰፈር ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ሸሪክ ቢካካድ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ውብነሽ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ እልልታውንም ሳትደብቅ።

«ልጁ ተርፏል?» አሉ ጋሼ ዘርዓብሩክ።

«ተርፏል። ጭንቅላቱ ተመቷል፣ ብርሃን ማየት አይችልም አሉ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? እንሄዳለና! የበደለ ይቅርታ ይጠይቃል። አሜሪካ ሆነ ተብሎ ይቀራል እንዴ?»

«ድንጋይ ልሸከም ጋሼ?»

«ድንጋዩን ተይው፣ ፖሊስ ይጠሩብናል። ዳቦ ይበቃል» አሉ እትዬ ማሚቱ።

ውብነሽ ለሎንግ ቢቹ ቡድን መልእክት ላከች። የኮልተን አባት ብራድ «እሑድ ኑ፣ ደስ ይለናል» ብሎ ባጭሩ መለሰ። ሰውየው ደግ ሳይሆን አይቀርም ብላ ተጽናናች። ፍሬአብን ለማሳመን ግን ግማሽ ሳምንት ፈጀ።

«ኦኬ፣ እሄዳለሁ። ግን ፋይቭ ሚኒትስ ብቻ።»

«ጉልበቱን ትስማለህ።»

«ኖ ዌይ! ማሚ፣ ዛትስ ሶ ዊርድ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አራቱም በውብነሽ መኪና ወደ ሎንግ ቢች ወረዱ። እትዬ ማሚቱ በነጠላ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ ታቅፈዋል። ጋሼ ዘርዓብሩክ ጋቢ ለብሰዋል። ውብነሽ ከመነሳቷ በፊት መቀመጫዎቹን፣ ልብስ ላይ የተጣበቀ ፀጉር በምታነሳበት ሮለር አንድ በአንድ አበሰች። ያቺ ሮለር ከበሩ ኪስ ጠፍታ አታውቅም።

ብራድ በሩን ሲከፍት ቀድሞ የወጣው ውሻው ነው። ትልቅ፣ ነጭ፣ ፀጉሩ የሚበን ውሻ ጋሼ ዘርዓብሩክን ከጋቢያቸው እስከ እጃቸው ላሳቸው። ቤቱ ውስጥ ምንጣፉ ላይ፣ ሶፋው ላይ፣ አየሩ ላይ ሁሉ የውሻ ፀጉር ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ጠረጴዛው ላይ በዐቢይ ጾም መሐል በሳህን ሙሉ የዶሮ ክንፍ ቀርቧል። ብራድ ዳቦውን አየና «ስንዴ ነው? ግሉተን አለው? እኛ ቤት ግሉተን አይገባም» አለ። ውሻ ሶፋ ላይ የሚተኛበት ቤት ዳቦ አይገባም! እትዬ ማሚቱ ዳቦውን መልሰው ታቀፉት።

ጋሼ ዘርዓብሩክ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነሱ። ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ በነዱበት እንግሊዝኛ ልጃችን በድሏል፣ እኛም ከእሱ ጋር በድለናል፣ ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተናል አሉ።

«ይቅርታ? ለምኑ?» ብራድ ሳቀ። «ወድጄዋለሁ እኮ! ክሊን ሂት ነው።» የፍሬአብን ክንድ ይዞ በሬ እንደሚገዛ ሰው ጨበጥ ለቀቅ አደረገው። «ትልቅ ነገር ነህ አንተ። የሚቀጥለውን ሲዝን ከኛ ጋር ብትጫወት ምን ይመስልሃል?» ከዚያ ወደ ውብነሽ ዞረ። «ያቺ ጯሂዋ አንቺ ነሽ አይደል? ሚስቴ ድምፅሽን ቀርጻ ስልኳ ላይ አላት። እስቲ አንዴ አድርጊልን!»

ውብነሽ አልችልም አለችው።

«ኮልተን! ና ውጣ!»

ልጁ ከጓዳ ወጣ። በዚያ በጨለመ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል። አንድ እጁ ግድግዳውን ይዟል፣ ግድግዳውን ሳይለቅ ቀስ እያለ መጣ።

«ንገራቸው። ምን ነበር ያደረግከው?» አለ አባቱ።

«አጎንብሼ ነበር።»

«እና?»

«ሶሪ» አለ ልጁ፣ ፊቱን ወደ ፍሬአብ አዙሮ።

«አልሰማንህም!»

«ሶሪ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ ማሚቱ ከኋላ ፍሬአብን ክርኑ ላይ ቆነጠጡት። በቃ አሁን ይወድቃል፣ አሁን ጉልበቱን ይስማል ብላ ውብነሽ ጠበቀች። ፍሬአብ ግን እጁን ዘርግቶ ልጁን ጨበጠው።

«ኢትስ ኦኬ ብሮ» አለው። «ሁለተኛ ቀና በል።»

ብራድ አጨበጨበ። ኮልተን ጭብጨባው ጆሮው ላይ ሲያርፍ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ውብነሽ ስንት ነገር ቀፏት ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ግን ደርሶባት አያውቅም። አባትየው ቀፈፋት፣ ክንፉ ቀፈፋት፣ ከሁሉ በላይ የወለደችው ልጅ ቀፈፋት። ይህን ለማንም ልትናገረው አትችልም። እንዴት እንደተሰናበቱ አታስታውስም።

መኪናው ውስጥ የተናገሩት ጋሼ ዘርዓብሩክ ብቻ ናቸው። «ስንት ሽምግልና ተቀምጫለሁ፣ ተበዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ፣ ውሻው የላሰውን እጃቸውን ደጋግመው በጋቢያቸው እየጠረጉ። ወደ ፍሪዌዩ መግቢያ ሲቃረቡ ከፊት የተቀመጠው ፍሬአብ «ማሚ፣ ፑል ኦቨር አድርጊ» አለ።

አንድ ማደያ ውስጥ ገብታ አቆመች። «ሊያስመልስህ ነው?»

«ኖ።» ወደ መስኮቱ ዞሮ ተናገረ። «ግድግዳውን ይዞ ነው የሚሄደው። አየሽው?»

«አየሁት።»

«እና እኔን ሶሪ አለኝ። እኔ ደግሞ ኢትስ ኦኬ አልኩት።»

«አልከው።»

«ቀፈፈኝ ማሚ።»

«ምኑ?»

«እኔ» አለ ፍሬአብ።

ይህን ቃል ከብስኩቱ ዘመን ጀምራ ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣ ግን ደስ አላሰኛትም። ልጇ ሲያለቅስ ካየችው ቆይቷል፣ አሁንም ፊቱን አላሳያትም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«እኔንም የገዛ ራሴ ቀፎኛል» አለችው። «ስፒከሩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ። ስትጥላቸው ደስ ብሎኝ ነበር ፍሬዬ፣ አልዋሽህም። የዚያን ቀን ግን ደስ አላለኝም።»

ፍሬአብ ወደ ኋላ ዞረ። «ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚደረገው?»

«ጉልበቱ ላይ ትወድቃለህ። እሱ ተነስ እስኪልህ አትነሳም።»

«ተነስ ባይለኝስ?»

«እዚያው ነህ።»

ፍሬአብ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ውብነሽ መኪናውን አዞረች።

ብራድ በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ። «ወሰናችሁ እንዴ? ከኛ ጋር ልትጫወት ነው?» ፍሬአብ አልመለሰለትም። ዳቦውን ከእትዬ ማሚቱ ክንድ ተቀብሎ «ኮልተንን ፈልጌ ነው» አለና በአጠገቡ አልፎ ገባ። የጓዳው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ሦስቱ ደጁ ላይ ፀሐይ እየመታቸው ቆሙ። ብራድ ስለሚመጣው ሲዝን ያወራል፣ የሚሰማው የለም። ውብነሽ በመሐል «ያንን ድምፄን ከሚስትህ ስልክ አጥፉልኝ» አለችው። ለምን ሲላት «የኔ ስለሆነ» አለች። ያጥፉት አያጥፉት እስከ ዛሬ አታውቅም።

ፍሬአብ ሳይወጣ ቆየ። እትዬ ማሚቱ እግራቸውን ደከማቸውና በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ዘርዓብሩክ አሁንም ቆመዋል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ፍሬአብ ባዶ እጁን ወጣ። ዓይኑ አብጧል። ቀጥ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ውብነሽ ሞተሩን አስነስታ ወደ እሱ ዞር ስትል ሱሪውን አየች። ለቅዳሴ የተለበሰው ጥቁር ሱሪ ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ እስከ ቅልጥሙ ድረስ በነጭ የውሻ ፀጉር ተሸፍኗል። እጇ ወደ በሩ ኪስ፣ ወደ ሮለሯ ሄደ። ከዚያ መለስ አለና መሪውን ያዘ፣ ፓልምስ እስኪደርሱም አልለቀቀውም።